ከጀልባው ሥር ያለው ቀይ ቀለም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጨንቆኛል። አከራያችን ግቢው ይለቀቅልኝ ስላለ የአባቴን የሸራ ጀልባ አንድ የሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ዓርብ መጥቶ ከነተሳቢው ሊወስደው ነው። ግን ከሥሩ ያለውን ቀይ ቀለም ፍቂልኝ ብሏል። የባህር ዛጎል እንዳይጣበቅበት ጅቡቲ የተቀባ መርዛም ቀለም ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ ይጎዳል። እውነቱን ነው። ሌላ የሚወስደው ሰው ደግሞ የለም። አባቴ ግን ይህን አያውቅም።

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ክንዴን ይዞ ይወጣና የጀልባውን ሆድ በመዳፉ ይዳብሳል። "ቀለሙ እስካለ ድረስ ባህር እንገባለን፣ አብሽሪ" ይለኛል። ከእንግዲህ ጉዞ እንደማይችል ሐኪሙ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

ትናንት እሱ መስጊድ እያለ አፌን በሻሽ ሸፍኜ እሱ በማይዳብሰው፣ በግቢው ግድግዳ በኩል ባለው ጎን መፋቅ ጀመርኩ። አቧራውን ጠርጌ፣ ውሃ ደፍቼበት የዕለቱን ጨረስኩ።

ዛሬ ከቀፊራ ገበያ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ልጄ፣ እስቲ ዛሬ በግድግዳው በኩል ውሰጂኝ።"

"ፀሐዩ ከባድ ነው አባ፣ ነገ" አልኩት።

ክንዴን ሊይዝ የዘረጋውን እጁን ግን አልመለሰም።