ነፋስ ያልነበረበት ማክሰኞ

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስሽ። እኔ አምላኬ ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺስ እንዴት ከርመሻል?

ማክሰኞ ዕለት ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር ወደ መናፈሻው ሄደን ነበር። ካሜራ ያዡ እንደተለመደው እኔ ነኝ። ኩሬው ዳር በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ አግኝቼ ብዙ ቀረጽኩት። በማግስቱ እኔ ቤት ተሰብስበን ስናየው ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ ሹፌር የነበረው ወዳጄ «አንተ ሰውዬ፣ ወፉን ዳንኪራ አስረገጥከው እኮ» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁና «ነፋስ ነበር» አልኩ። ነፋስ ግን አልነበረም፤ ውሃው እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ በነፋስ ማሳበቤ ከንክኖኝ በጸሎቴ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ካሜራውን ለጠጋኝ ወሰድኩት። ፈታትቶ አየውና «አባባ፣ ምንም አልሆነም፤ ደህና ነው» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፍቶኝ ወጣሁ።

ከዚያ የድሮዎቹን ፊልሞች አወጣሁ። ስቀርጽ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ክርኔን ትደግፍልኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። በአንደኛው ፊልም አንድ አጋዘን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ «ቀስ በል፣ ይዤሃለሁ» ስትልም ትሰማለች። እሷን ደጋግሜ ሰማሁ፤ አጋዘኑን እንኳ ልብ አላልኩትም።

ስትመጪ መናፈሻውን አሳይሻለሁ። አጠገቤ ሆነሽ ክርኔን ብትይዢልኝ ጥሩ ፊልም ይወጣናል። ሥራ ካልበዛብሽ ዘንድሮ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጽሕፈቴ ለማንበብ ቢያስቸግርሽ አትቀየሚኝ፤ ጠረጴዛው ይነቃነቃል። በአራቱም እግሮቹ ሥር ወረቀት አጥፌ አስገባሁ፤ አሁንም አልተወም።

የፈጠረሽ በሄድሽበት ሁሉ ይደግፍሽ።

አባትሽ