ዜና የለም፣ ሁሉም ደህና

ወንድሜ ባኺት፤

እናታችንን እኔ ሳልደርስ ቀበርካት። ፊቷን ሳላይ፣ ከበኩር ልጇ እጅ አንዲት እፍኝ አፈር ሳታገኝ ጉድጓድ ገባች። የደረሰብኝ በደል ይህ ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ ከዚህ የከፋ አልደረሰብኝም። በዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን እስከ መጨረሻው አንብብ።

ሰላምታው አሁን ይከተል። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህን የሚያምህ ነገር ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሰላማ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ጎረቤቶችህ፣ የመስጊዱ ሰዎች፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ዙወይና ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። ዘንድሮ ጉሙ ወፍራም ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግራሩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ፍየሎቹም ቅጠሉን እየላሱ ገንዳው ጋ ሳይደርሱ ይውላሉ።

ክፉውን ከሰላምታ አስቀድሜ መጻፌን አይተህ ሽማግሌው ጃጀ እንዳትል። አውቄ ያደረግኩት ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስልኩ እንዴት እጄ እንደገባ አንተም ታውቃለህ። እናታችን ደረቷ እየጠበቀ ሲያስቸግራት ከሐኪም አጠገብ እንድትሆን አል ዓይን ከተማ ወዳለው ቤትህ ልትወስዳት መጣህ። እኔ ደግሞ መድኃኒቷ የበረሃው አየር ነው ብዬ መኪናህ ፊት ቆምኩ። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሷ ከጥላው ሥር ሆና፣ "እኔ የምሄደው ሙሰለም ስልክ ከያዘ ነው። ካልያዘ እዚሁ ቅበሩኝ" አለች። አንተም ከኪስህ አንድ ስልክ አወጣህ። ሰው ሁሉ የሚይዘው ዓይነት ተራ ስልክ ነበር። ከዚህ እስከ ሃይማ ከተማ አንድ የስልክ ምሰሶ የለም፣ ይህ መስታወት ምን ያደርግልኛል ብልህ፣ "ምሰሶ ሲያጣ ወደ ሰማይ ያያል። ሳተላይት በላይህ ስታልፍ የተጻፈ ቃል ትቀበላለች፣ ትሰጣለች። ድምፅ አይሄድም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። አንተ ሰማይ እንዲታየው አድርገህ ደጅ ያዘው፣ በቃ" አልከኝ። እናታችን ሳቀች። "ከሰማይ የሚሰማን አንድ አላህ ነበር፤ ደግሞ ረዳት ቀጠራችሁለት?" አለችና ወዲያው አስተግፊሩላህ ብላ አፏን ያዘች። እኔ ጽሑፍ አልችልም ብዬ ላመልጥ ስል፣ "ልጄ በአርባ ዓመቱ ከነዳጅ በርሜል ላይ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። በርሜል ያነበበ ስልክ አያቅተውም" ብላ መንገዱን ዘጋችብኝ።

መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አስደርጋ ቃል አስገባችኝ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላና ከአስር ሰላት በኋላ፣ ስልኩን አውጥቼ ልይ። "ከግመል አትባስ። ግመል እንኳ ሲጠሩት አንገቱን ያዞራል" አለችኝ። ከእሷ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ስልኩን ከአቧራውና ከጉሙ ጨው ለማዳን ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰባት ወር ቃሌን ጠበቅኩ። ጠዋትና ማታ ከቆርቆሮው አውጥቼ ከድንጋዩ ላይ እቆማለሁ፤ ሳተላይቷ እስክታልፍ እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። የውሃ ቦቴ ሾፌሩ ሸምቤ አንድ ቀን እንዲያ ቆሜ ቢያገኘኝ፣ "አጎቴ ሙሰለም፣ ጭልፊትህ በረረብህ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጀመሪያ የላክህልኝ መልእክት "የእናት መድኃኒት ተቀየረ" የሚል ነበር። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። ተናደድኩ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ በአንዲት ጣት እየነካካሁ መልስ ጻፍኩልህ። የአባትህ ልጅ ከሆንክ ዜናን በሥርዓቱ ስጥ፤ ስልክም ቢሆን ሥርዓት ሥርዓት ነው አልኩህ። ከዚያ ወዲህ አላጓደልክም። በመጀመሪያው መልእክት "ዜና የለም፣ ሁሉም ደህና" ትላለህ። ጉዳይ ካለ በሁለተኛው ትጽፋለህ፤ ከሌለ እዚያው ላይ ያበቃል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህን ሥርዓት እንዴት እንዳስተማርኩህም አልረሳሁም። የአጎታችን ልጅ ሱሃይል መኪናው ተገልብጦ የሞተ ቀን አንተ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርክ። ሽማግሌዎቹ ከጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሮጠህ መጣህና ገና ሳትቀመጥ፣ "ሱሃይል ሞተ!" ብለህ ጮህክ። አባቱ እዚያው ነበሩ። እኔ ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መታሁህና ውጣ፣ እንደ ሰው ተመልሰህ ግባ አልኩህ። ወጣህ። ተመልሰህ ገባህ፣ የሁሉንም እጅ ጨበጥክ፣ ተቀመጥክ። ዜናው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩህ። እንባህ በጉንጭህ እየወረደ፣ "ዜና የለም፣ ሁሉም ደህና" አልክ። ተምር ቀረበልህ፣ አንዲት ፍሬ በላህ፤ ከዚያ በኋላ ሱሃይል መሞቱን ተናገርክ። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ።

በረጀብ ወር፣ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሱብሂ በኋላ ስልኩን አወጣሁ። ሳተላይቷ ወዲያው መጣች። "ዜና የለም፣ ሁሉም ደህና" የሚል ቃልህ ደረሰኝ። ትንሽ ቆምኩ። ጉሙ ልብሴን አበሰበሰው፤ እጄም በረደኝ። ሌላ ነገር አልመጣም። እንግዲያው ዛሬ ጉዳይ የለም አልኩና ስልኩን ቆርቆሮው ውስጥ መልሼ ክዳኑን ገጠምኩ። ወንድሜ አሁን ሰው ሆነ ብዬ ለዙወይና እንደነገርኳት አስታውሳለሁ።

በዚያው ጠዋት ሰምሓ ከመንጋው ተለይታ መጥፋቷን አየሁ። እናታችን በእጇ ጡጦ አጥብታ ያሳደገቻት ግመል ናት፤ ልትወልድ ደርሳ ነበር። ዱካዋን ልከተል ተነሣሁ። ዙወይና፣ "እኔ ማንበብ አልችልም፤ ስልኩን ይዘህ ሂድ" አለችኝ። ሁሉም ደህና ብሏል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን እንዲል ፈለግሽ አልኳት። ለእናታችን የገባሁት ቃል ትዝ ብሎኛል። ትዝ ያላለኝ መስሎህ እንዳታዝንልኝ። ትዝ ብሎኝ ነው ትቼው የሄድኩት።

ሦስት ሌሊት ውጭ አደርኩ። ዓርብ ሰምሓን ከነግልገሏ አገኘኋት። ሴት ወልዳለች። በአስር ሰዓት ቤት ደርሼ ገና ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ቆርቆሮውን ከፈትኩ፤ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ "ለእናቴ ንገራት፣ ሰምሓ ሴት ወለደች" ብዬ ጻፍኩ። ወደ ሰማይ አነሣሁት። የእኔ ቃል ሲወጣ የአንተ አራቱ ተከታትለው ወረዱ።

"እናታችን ትንፋሽ አጥሯታል፤ ሐኪሙ ቤተሰብ ይሰብሰብ ብሏል፤ ቶሎ ድረስ።"

"ሙሰለም መጣ ወይ እያለች ትጠይቃለች።"

"የት ነህ?"

"ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በፊት ቀበርናት።"

ቅዳሜ ለቅሶ የተቀመጥክበት መጅሊስህ እንደደረስኩ ያደረግኩትን አንተም ታውቃለህ፤ የነበሩትም ያውቃሉ። የማንንም እጅ ሳልጨብጥ በሩ ላይ ቆሜ፣ ለባዕድ ሞት እንኳ ሰው ይጠራል፤ አንተ ግን የእናቴን ሬሳ ሰረቅከኝ አልኩህ። ተነሥተህ ስልክህን ዘረጋህልኝ። "ወንድሜ፣ እየው፣ ልኬልህ ነበር፤ ማክሰኞ ልኬልሃለሁ" አልክ። እጅህን ገፋሁት። ሰባት ወር ሙሉ ሳነብበው የቆየሁትን ነገር፣ እኔ መስታወት አላነብም አልኩ። ስልክህ ወለሉ ላይ ወደቀ። ተምራችሁን ሳልቀምስ ወጣሁ። አንተ በኀዘን ላይ ውርደት ጨምሬብህ ከኋላዬ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገርክም። ዝምታህን ያን ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠርኩት።

ቤቴ ገብቼ ስልኩን እንደገና ያነበብኩት ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ከየመልእክቱ ግርጌ የተላከበት ሰዓት በትንንሽ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥር ደግሞ ከበርሜሉ ላይ አስቀድሜ የተማርኩት ነው። "ሁሉም ደህና" ያልከኝና "ቶሎ ድረስ" ያልከኝ በአራት ደቂቃ ነው የሚለያዩት። አራት ደቂቃ፣ ባኺት! ከእኔ እስከ አል ዓይን ከንጋት እስከ መግሪብ የሚነዳ መንገድ ነው። እሷ እስከ ሐሙስ ሌሊት ቆይታለች። አራት ደቂቃ ብርዱን ብታገሥ ኖሮ ሁለት ቀን አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ስልኩን ይዤ ሄጄ በበነጋታው ወይም በሠልስቱ ብከፍተው እንኳ በሕይወት እደርስባት ነበር።

አባታችን ስለ ሥርዓቱ የነገሩንን ብዙ አሰብኩበት። ክፉ ዜና በቆመና በተጠማ ሰው ላይ አይጣልም ይሉ ነበር፤ ልክ ነበሩ። የእሳቸው ዜና ግን ሰው ይዞት የሚመጣ ነው። ዜና ይዞ የመጣ ሰው ሳይጨርስ ከጥላው ተነሥቶ አይሄድም። ሳተላይት እንግዳ አይደለችም፤ አትቀመጥም፣ ተምር አትቀምስም፤ ታልፋለች። ይህን እኔ አላሰብኩም። አንተ ግን መጀመሪያውኑ ገብቶህ ነበር፤ መጀመሪያ የላክህልኝ ሰላምታ የሌለው መልእክት ትክክል ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ። እናታችን ትንፋሽ አጥሯት እያየህ "ሁሉም ደህና" ብለህ የጻፍከው ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት የመታሁህ ጥፊ ገና ጉንጭህ ላይ ስላለ ነው። በዳዩ እኔ ነኝ።

ባለፈው ጁምዓ ሰዎቻችን በተሰበሰቡበት ተናገርኩ። ፊት ለፊት ስንገናኝ የአባቶቻችን ሥርዓት አይነካም። በስልክ ስንጻጻፍ ግን ክፉው ይቅደም፤ ሰላምታው ከኋላ ይድረስ። ሽማግሌው ዓሙር፣ "ሙሰለም ሥርዓት የሚቀይር ከሆነ ፀሐይ ዛሬ በየት በኩል ነው የወጣችው?" ብሎ አሾፈብኝ። ሌላው ሁሉ ተስማማ። ቆርቆሮውን ጥዬዋለሁ። ስልኩ አሁን ከግራሩ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሰማይ እያየ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ይህን ለምን በወረቀት እንደምጽፍልህ ሸምቤም ጠይቆኛል፤ ሃይማ ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ ነው። ዙወይና በእኔ ፈንታ መለሰችለት። "ሰው ለመስደብ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ነድቶ ይሄዳል፤ ለእርቅ ሲሆን ፖስታ ይፈልጋል" አለችው። ተሳስታለች። በሰው ፊት የሰበርኩህን በስውር ልጠግንህ አልፈልግም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ ያን ቅዳሜ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ መጅሊስህ ጥራቸውና ልጅህ ሙሃድ ይህን ደብዳቤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። ጥፊውንም፣ ቆርቆሮውንም፣ አራቱን ደቂቃም። አንዲት ቃል እንዳይዘል።

ሰላማን ሰላም በልልኝ፤ እናታችንን እንደ ወለደቻት ልጅ እንዳስታመመቻት አውቃለሁ። ሙሃድን ሰላም በልልኝ፤ ሲያነብ አይቸኩል። ልጅህን ኑወይርን ሰላም በልልኝ፤ የሰምሓ ግልገል የእሷ ናት፣ ስሟን እሷ ታውጣላት። የፊት ለፊት ጎረቤትህን፣ ያን ቅዳሜ ከበሩ ላይ ሊያስለቅቀኝ የሞከረውን ሰው፣ ሰላም በልልኝ። ዙወይና ሁላችሁንም ሰላም ትላለች። በእናታችን መቃብር ላይ አንድ ጁምዓ በእኔ ፈንታ ቁምልኝ።

ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ስለዚህ ነገር ከአፌ ቃል አይወጣም። አንተ ብታነሣው አልመልስልህም፤ ሌላ ሰው ቢያነሣው ከጥላው እነሣለሁ። ከዒድ በኋላ እመጣለሁ። እጅህን ጨብጬ እቀመጥና ዜናው ምንድን ነው እልሃለሁ። አንተም ዜና የለም፣ ሁሉም ደህና በለኝ። ከዚያ በኋላ የሚከተል ሁለተኛ ቃል አይኑር።

ወንድምህ ሙሰለም

ጅደት፣ ከሃይማ በስተምሥራቅ
ሻዕባን 19 ቀን 1447