ከመቶ ዘጠና ስድስት ያገኘሁ አዛኝ

ለክብርት ዶክተር ማርሊስ ኦስትገን፣
የዩኒቨርሲቲያችን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች መግባባት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለሠራተኞችዎም፣ ስሜታችንን ለሚመዝነው የኮምፒውተር ፕሮግራምዎም የማይጓደል ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ከዊስኮንሲን የወተት ገበሬ ቤት የወጣሁት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ኦሪን ክላፕሮት፣ ሜክሲኮ፣ ሜሪዳ ከተማ ከምትማረው ከኢሽቸል ካኑል ጋር በኢንተርኔት ስምንት ሳምንት ተነጋግሬ፣ የሰውን ስሜት በመጋራት ከመቶ ዘጠና ስድስት ማግኘቴን ስለገለጹልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እናቴ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «ይሄ የኛው ኦሪን ነው?» ብላ ጠይቃለች። በዚያው ደብዳቤ ኢሽቸል ሠላሳ አንድ አግኝታ መውደቋን፣ በሚያዝያም ወደ ግቢያችን ከሚመጡት እንግዶች ዝርዝር መሰረዟን ነግረውኛል። አቤቱታዬም እሱ ነው።

አንደኛ፣ ያደሉንን የአሥር ማጽናኛ ዓረፍተ ነገሮች ወረቀት ከኮምፒውተሬ ጎን በታማኝነት ለጥፌው ነበር። ኢሽቸል እህቷ መዳሯን ስትነግረኝ ልቤ ምሳዬ ላይ ስለነበር፣ ዐይኔ ያረፈበትን ቁጥር ሰባትን አነበብኩላት፤ «ይህ ለአንቺ ምንኛ ከባድ ጊዜ ይሆን» ይላል። እሷም «አንተ፣ እህቴ ተዳረች እንጂ አልሞተችም እኮ» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፕሮግራምዎ ለእኔ ነጥብ ጨመረልኝ፣ ከእሷ ላይ ግን «በሐዘን ሰዓት ሳቀች» ብሎ ቀነሰ።

ሁለተኛ፣ ኢሽቸል እንደ አገሯ ሰው ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ የመረብ መኝታ ላይ ተቀምጣ እየተወዛወዘች ነው የምታወራው። ፕሮግራምዎ ይህን «ትዕግሥት ማጣት» ብሎ መዝግቦታል። በአንጻሩ እኔ በስድስተኛው ሳምንት መስመር ተቋርጦ ምስሏ ደርቆ ሲቀር፣ ምን ያለች ቁም ነገረኛ ልጅ ናት እያልኩ ለማይንቀሳቀስ ፎቶግራፍ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ራሴን ስነቀንቅ ቆይቻለሁ። ለዚህ ውለታዬ «ጥልቅ አዳማጭ» የሚል ማዕረግ ስለሰጡኝ አፍሬም ቢሆን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን በቁጥር መጻፍ ይከብደኛል። በሰባተኛው ሳምንት አባቴ ሠላሳ ስምንቱንም ላሞቻችንን ሸጠ። ማንም አያውቅም ነበር፤ አብሮኝ ለሚያድረው ልጅ እንኳ አልነገርኩትም። ኢሽቸል «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ግን ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፊቴን ከካሜራው አዞርኩ። እሷ ቁጥር ሰባትን አላነበበችልኝም፣ አይዞህም አላለችኝም፣ መስመሩንም አልዘጋችብኝም። መወዛወዟን አቁማ ዝም ብላ አብራኝ ተቀመጠች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በእርስዎ ቤት ግን ይነቅዛል መሰለኝ፣ ሪፖርትዎ «አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ያለ ተሳትፎ» ይላል። በመጨረሻ «ስማቸው ማን ማን ነበር?» አለችኝ። «የማን?» ስላት፣ «የላሞቹ ነዋ» አለች። ሠላሳ ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠራሁላት፣ እሷም እየደገመች አብራኝ ጠራች። ፕሮግራምዎ ለዚህም «ከርዕስ የወጣ ጥያቄ» የሚል አስተያየት አስፍሯል።

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ ከእኔ ዘጠና ስድስት ላይ የፈለጉትን ያህል ቀንሰው ለኢሽቸል እንዲያዛውሩልኝ፣ ስሟንም ወደ እንግዶቹ ዝርዝር እንዲመልሱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ይህ ካልሆነ ዓርብ በመዝጊያው በዓል ላይ «ሌላውን የማዳመጥ ጥበብ» በሚል ርዕስ እንዳደርግ የታዘዝኩትን ንግግር በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ዝምታ የምፈጽመው መሆኑን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ራሱን ሲነቀንቅ አንገቱ የታመመ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ዘወትር ታዛዥ የሆነ ተሸላሚዎ፣
ኦሪን ክላፕሮት

ማስታወሻ፦ ከተሸጡት ላሞች ጌርቲ የምትባለው፣ ልጅ ሳለሁ የሆዴን ሳጫውታት እያመነዠከች ዝም ብላ ትሰማኝ ነበር። በእርስዎ ሚዛን ብትመዘን እሷም መውደቋ አይቀርም። ከሦስታችን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።