ለእንግዳ ሲባል የተቆለፈው በር

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነና እሱም አልወጣ ስላለኝ ነው። ዛሬ ግን መታጠቢያ ቤቱ አለቀ። ግንበኛው ወለሉን ጠርጎ፣ ዕቃውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። እማዬ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ስትወጣ አየሁና ወረቀት ፈለግሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጓሮ የነበረው የቆርቆሮ ሽንት ቤት ፈርሶ ጉድጓዱ ተደፍኗል። ከዘራህን ይዘህ እያረፍክ የምትወጣው የታቦር ዳገት ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል። ውኃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ እሱ አልተለወጠም። እኔ ተድሬ ከእናንተ ሁለት ቅያስ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ያንተን ጉልበት ሆኗል፤ ስትነሣም ስትቀመጥም ያንተኑ «እህህ» ትላለች።

ያቺን የመታጠቢያና የሽንት ቤት ክፍል መጀመሪያ የነደፍካት አንተ ነህ። ከመኝታ ቤታችሁ ጎን የነበረችው፣ መጋዝና መሮህን የምታስቀምጥባት ጠባብ ዕቃ ቤት ናት። ዕድሜህን ሙሉ አናጢ ስለነበርክ ወረቀት ላይ መንደፍ አትወድም፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርክ። መቀመጫው በሚሆንበት ቦታ በርጩማህን አስቀምጠህ ተቀመጥክ። ተነሣህ። ደግመህ ተቀመጥክ። ቀኝ እጅህን ወደ ግድግዳው ዘረጋህና መዳፍህ ባረፈበት ላይ፣ ሁልጊዜ ጆሮህ ላይ በምትሰካው እርሳስ ምልክት አደረግክ። እዚህ ጋ መደገፊያ ብረት ይገባል አልክ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩ ላይ ተጋድሞ እንዳይዘጋው። ደፍ አይኑረው። ወለሉም ሸካራ ይሁን። እኔና እማዬ በሩ ላይ ቆመን ሳቅንብህ። እማዬማ «ቁጭ ብድግ የምትለው ስፖርት ጀምረህ ነው?» አለችህ። አንተም አብረኸን ሳቅህ።

ከዚያ እኔ ገባሁበት። ሥራ ይዣለሁ፣ ሰው ሆኛለሁ፣ ሐሳብ አለኝ። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ያየሁትን ነጭ ለስላሳ ሴራሚክ አስለጠፍኩ። ለአንድ ሰው እንኳን በማትበቃ ክፍል ውስጥ ገንዳ አስገባሁ፣ ገንዳው እንዲገባም ያሰመርከውን ሁሉ አስቀየርኩ። ብረቱ ግድግዳውን ያበላሸዋል አልኩና አስቀረሁት። ምልክትህ ላይ ሴራሚክ ሲለጠፍበት ቆመህ አየህ። ዝምታህን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ እንደዚያ ይመቸኝ ነበር።

ሥራው ባለቀ ማግስት የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሊላክብኝ ቀን ተቆርጧል፤ ያ ነጭ ወለል እስከዚያ ድረስ እንዳይቆሽሽ። ታውቀዋለህ፣ እኛ ቤት ያማረ ነገር ሁሉ የእንግዳ ነው። የብፌው ብርጭቆ የእንግዳ፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ብርድ ልብስ የእንግዳ። እኛ እጀታው በተሰበረ ሲኒ ስንጠጣ ኖረን እንሞታለን። «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ትንሽ ታገስ» አልኩህ። አንተም ታገሥክ። ጉልበትህ አልታጠፍ እያለ፣ በዚያ ክረምት፣ ጓሮ እየተመላለስክ ታገሥክ። ቤቱ የአንተ ነበር እኮ! በሩን ገንጥለህ ብትገባ ማን ይናገርህ ነበር? በራሴ የምናደደውን ያህል በዚህ ትዕግሥትህም እናደዳለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ጓሮው ድንጋይ ላይ ተንሸራትተህ ዳሌህ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ እግርህ መሬት አልረገጠም።

ከሆስፒታል ስትመለስ ጠያቂው ጎረፈ። እንግዳ መጣ አይደል፣ ክፍሉ ተከፈተ። ዘመድ ገባበት፣ ጎረቤት ገባበት፣ አንዴም አይቼው የማላውቀው ሰው ሁሉ ገባበት። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል በመጣ ዓሣ የተሠራ ሾርባ በማንኪያ ሳጠጣህ፣ ከግድግዳው ወዲያ ውኃው ሲለቀቅ ሰማን። ጆሮህን ጣል አደረግክና «ውኃው በደንብ ይወርዳል» አልክ። የሙያ ሰው ነህና ሥራውን አመሰገንክ። እኔ ማንኪያውን ይዤ የምገባበት ጠፋኝ። በሰባተኛው ሳምንት ሄድክ። በቀብርህ ቀን ደግሞ የዛሬዋ አማቴ ከዚያ ክፍል ወጥታ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጆሮዬ ሥር «ሴራሚኩ እንዴት ያምራል» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልማርኳትም።

አሁን ሁሉንም አስነቅያለሁ። ገንዳው ውኃ ከማጠራቀም ሌላ የሠራው ሥራ የለም፤ ወጥቶ በቦታው ቁጭ ብለው የሚታጠቡበት መቀመጫ ተሠርቷል። ደፉ ተስተካክሏል፣ ወለሉ ሸካራ ነው፣ በሩም ወደ ውጭ ይከፈታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ምልክትህን ግን አጣሁት። ሴራሚኩን በቀስታ አንሣልኝ ብዬ ግንበኛውን ብለምነውም፣ ልስኑ አብሮ ተገንጥሎ ወደቀ። ፍርስራሹን እያገላበጥኩ ፈለግሁ፤ የእርሳስ መስመር የሚመስል አንድም ነገር አላገኘሁም። በመጨረሻ እማዬን በርጩማህ ላይ አስቀምጠን በእሷ ክንድ ለካን። የእሷ ክንድ ካንተ ያጥራል፤ ብረቱ አንተ ካልከው ቦታ ዝቅ ብሎ ነው የገባው።

አሁን ያን አንዱን ነገር ልንገርህ። ለእማዬም፣ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

በወደቅክበት ቀን ሳሎን ሆኜ ለእሑድ የምለብሰውን ቀሚስ እተኩስ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከዘራህ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። በሩ ጋ ቆመ። እጀታው ዞረ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ዞረ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። መቆለፉን ያውቅ የለም ወይ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከዘራህ ወደ ጓሮ በር ሄደ። ተነሥቼ ለመክፈት አምስት እርምጃ ነበር የሚበቃኝ፣ አባዬ።

የበሩን ቁልፍ ከነማስገቢያው አስነቅዬዋለሁ፤ ቀዳዳው ቀርቷል። እማዬ የሰው ዓይን ይገባል፣ ድፈኚው ትለኛለች። እሷ በፎጣ ትሸፍነው፤ እኔ አልደፍነውም። ፎቶህ ሳሎን ተሰቅሏል፣ የሚያየው እንግዳ ነው። እኔ የማስታውስህ በዚያ ቀዳዳ ነው። እስካለሁም ድረስ፣ እዚህ ቤት ውስጥ የዚያ በር እጀታ ሲዞር በሰማሁ ቁጥር፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

ትልቋ ልጅህ