የሻምበል ዓይን

ይድረስ፦ ብዕር ለሚከብደው ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ደረትህን ገልጠህ ነው የምትወጣው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ወገቧን ያማት ነበር፤ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ንገራት፣ የምትሰማህ ከሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ጤና ነው። አባትህም ደህና ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ዛሬ መዋሸት አላሰኘኝም።

ናፍቆቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ የተቀመጥኩት ተናድጄ ነው። ጠዋት የደንበኛ ኮሌታ አጣምሜ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት። በንዴት ከምሰፋ በንዴት ልጻፍ ብዬ መቀሱን አስቀምጬ ወረቀት አነሳሁ። በማን ተናደድሽ ትለኝ ይሆናል። በሁለታችሁም ነው። በሦስታችሁም ልበል፣ ዓሣውን ካልረሳነው።

የተጣላኸው ከአባትህ ጋር ነው። እኔ ምን አድርጌህ ነው ያንን ሰማያዊ ዓሣ ጥለህብኝ የሄድከው? ክንፉን እንደ ካባ እየጎተተ ስለሚንጎራደድ ሻምበል ብለህ ስም አወጣህለት፤ ከዚያ ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ፤ ሻምበል ቤት ቀረ፣ አዛዡ ግን ሄደ።

አባትህ መጀመሪያ ዞር ብሎም አላየውም። «የሱን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» ነበር የሚለው። ኋላ የጎረቤት ድመት በመስኮትህ ስትንጠራራ አገኛትና ጀግንነቱ መጣበት። የዓሣውን የመስተዋት ማሰሮ እስከ አፉ በውሃ ሞልቶ በክዳን ግጥም አድርጎ ዘጋው። «እስቲ አሁን ትምጣ!» አለ። ዓሣው ከክዳኑ ሥር አፉን እየከፈተ ሲንደፋደፍ «አየሽው? ደስ ብሎት እኮ ነው የሚጨፍረው» ይለኛል! ሮጬ ሄጄ ዓሣ የምትሸጠዋን ሴትዮ ይዣት መጣሁ። ክዳኑን ነቅላ ስታበቃ ወደ አባትህ ዞረች። «ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ እየወጣ አየር ይስባል እኮ! አፉ ወደ ላይ የዞረው ለጌጥ መሰለዎት? ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ በላይ፣ አየር የሚያሳድርባት ጓዳ አለችው። እርስዎ አፉ ላይ ትራስ ነው የጫኑበት» አለችው። አባትህ ያን ያህል ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። ማሰሮውን አቅፎ ቀረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የዓሣ ጭንቅላት ሊቅ ሆኖልሃል። ሴትዮዋን በጥያቄ አሰልችቶ፣ ከማን ከማን እንደሆነ እንጃ የሰማውን ሁሉ አጠራቅሞ፣ ማጉያ መነጽር ገዝቶ፣ ጠዋት ዳቦውን ይዞ ክፍልህ ገብቶ ማሰሮው ፊት ይቀመጣል። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ በሩን ይዘጋብኛል። «አፍንጫው ለማሽተት ብቻ ነው፤ አይተነፍስበትም። አንቺ ግን በሽንኩርት ታቃጥይዋለሽ» ይለኛል። ጆሮ የለውም ብዬ እንዳልሳሳት አስጠነቀቀኝ፤ ጆሮው የራስ ቅሉ ውስጥ ነው አሉ፣ ጥቃቅን ጠጠር ያለበት። ከዚያ ሌላ በዓይኑ ዙሪያ፣ በግንባሩና በጎኑ ሰው ልብ የማይላቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው ሲነቃነቅ በነሱ ያውቃል። ለዚህ ሲባል የስፌት ማሽኔ ተባረረች! ብርሃን አለው ብዬ ክፍልህ መስኮት ሥር አድርጌያት ነበር፤ «ጭንቅላቱን እያንቀጠቀጥሽው ነው» ብሎ ኮሪደር አወጣት። ሰው ባለፈ ቁጥር እግሬን እየሰበሰብኩ እሰፋለሁ። ቀዩን ቀሚሴንም ተከልክያለሁ። ሻምበል ቀይ ሲያይ የጉንጩን ክዳን ገልብጦ፣ ከሥሩ ጢም የመሰለ ነገር አውጥቶ ይፎክርብኛል። አባትህ ደግሞ «ቀለም እኮ ይለያል!» ይላል፣ የወለደው ይመስል።

እኔስ? ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር ጆሮዬ የት እንዳለ ጠይቆ ያውቃል? የቧንቧውን ነገር ነገርኩት፣ ነገርኩት፤ ዛሬም ያንጠባጥባል።

ይሄን ሁሉ ስቄ አልፌው ነበር። ያናደደኝ የኋላው ነው። አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ መጣና «የሻምበል ዓይን ደመና ለበሰ» አለኝ። ውሃ ቀየረ፤ በማግሥቱ ደግሞ ቀየረ። ማሰሮውን ከመስኮቱ አራቀ፣ መልሶ አስጠጋ። ዓሣ ሻጯን መድኃኒት አምጪ ብሎ አስመጣት። አየችውና «ጋሼ፣ ዓይኑ ደህና ነው» አለችው። «አንቺ መሸጥ እንጂ ማየት አታውቂም» ብሎ አባረራት። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። በግራ ብል በቀኝ ብል፣ እንደ ዶቃ የጠራ ዓይን! ቀና ስል አባትህ ማጉያውን ይዞ የገዛ ዓይኑን ያጨናብሳል፤ ያኔ ገባኝ።

ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ማፍሰሱ። ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን ትቶት መውጣቱ። ቀሚስ የምለካባትን ጭንቅላት የሌላትን አሻንጉሊት ኮሪደር ላይ አግኝቶ «እንደምን አደሩ እመቤቴ፣ ምነው ቆሙ?» ሲላት ቀልድ መስሎኝ ሆዴን ይዤ ስቄ ነበር። ለካ የምሩን ነው።

«የታመመው የዓሣው ዓይን አይደለም፣ ያንተ ነው!» አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። «አንቺም እንደ ልጅሽ ጀመርሽ?» አለኝ።

አየህ፣ ነገሩ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። አንተ ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄደህ፣ ተሳፋሪ ተቀምጦ፣ የሥራ ጓደኞቹ ቆመው እያዩ፣ ቁልፉን ከእጁ ነጥቀህ «አባዬ አታይም፣ ሰው ትጨርሳለህ» አልከው። ውሸት ነው አላልኩም፤ የሰው ነፍስ አትርፈህ ይሆናል። ግን እንዲያ ነው እንዴ የሚባለው? ዕድሜውን በመሪ ላይ የፈጀ ሰው ነው፤ እንጀራው ዓይኑ ነበር። ቤት አስገብተህ፣ በሩን ዘግተህ ብትነግረው ምን ነበረበት? እሱም ብሶበት «እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም» አለ። እሱ አፉን አልሰበሰበ፣ አንተ እግርህን አልሰበሰብክ። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ እናንተም እንደሷ ቆማችሁ ቀራችሁ። አሁን ዓይኔን አመመኝ ካለ አንተ ልክ ነበርክ ማለት ሆነ። ስለዚህ ዓሣው ይታመምለት!

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩት። አለቀስኩ። አኮረፍኩ። ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ «እሺ፣ ሻምበልን ለዓይን ሐኪም እናሳየው» ስለው ከኔ ቀድሞ ጫማውን አደረገ! ማሰሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በል!» እያለ ሄድን። ወረፋ ስንጠብቅ አንዷ በሽተኛ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ለምሳ ነው?» አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ግን የታደለች፤ አልሳቀችበትም። ባትሪዋን አብርታ ሻምበልን በሁለቱም በኩል አየችው። «አባባ፣ ይሄ የሚያስቀና ዓይን ነው። እስቲ ለማወዳደር የእርስዎን ልየው» አለችው። እሱም እንደ በግ አገጩን መሣሪያው ላይ አስቀመጠ። የዓይን ሞራ ነው አለች፣ በሁለቱም ዓይኑ። የቀኙ ክፉኛ ጠንክሯል፤ ከቆየ ቀዶ ጥገናው ይከብዳል፣ ብርሃኑም ላይመለስ ይችላል አለች። ወሩ ሳያልቅ ይምጣ ብላ ቀጠረችን።

ቤት ስንደርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ዓይኔ ታስሮ ስተኛ ሻምበልን ማን ያየዋል?» እኔ አለሁ አልኩት። «አንቺ ማሽንሽን ታስነሺበታለሽ» አለኝ። እሺ ዓሣ ሻጯ ትምጣ አልኩ። «ያቺ ነጋዴ!» አለ። ታዲያ ማን ይሁን አንተ ሰውዬ ብዬ ስጮህበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ባለቤት የለውም እንዴ? የዓሣው ባለቤት ይምጣ። ካልመጣ አልሄድም» አለ።

ሰማህ? አንተን አጥቤ፣ አጉርሼ፣ አስተምሬ ያሳደግኩ ሴት፣ ጣት የምታክል ዓሣ መመገብ አልታመንም! ይሄን ለማን አቤት ይባላል? የምጽፍልህም ስለታዘዝኩ ነው፤ የዓሣው ባለቤት አንተ ነህ፣ ና ተብለሃል። ሌላ ነገር አልጨመርኩበትም።

ስትመጣ በር ላይ «አላልኩህም ነበር?» የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ በመቀሴ ነው የማባርርህ። ዓይኑንም አትጠይቀው። ስለ ዓሣው ጠይቀው። ስለ አየር ጓዳዋም፣ ስለ ጆሮው ጠጠሮችም ይንገርህ፤ አላውቅም ነበር በለው። ከዚያ በኋላ ወደ ዓይኑ ነገር ራሱ ይመጣል። ቀጠሮው እንዳያልፍ አደራ፤ የሐኪሟ ፊት አላማረኝም።

ትናንት ከክፍልህ ዕቃ ሲጎትት ሰማሁት። ማሰሮውን ከነመብራቱ አውጥቶ ሳሎን አስቀመጠው። ምነው ስለው «መብራቱ የተኛ ሰው ይረብሻል» አለኝና ወጣ። ማን ነው እዚያ የሚተኛው ብዬ አልጠየቅኩትም። ገብቼ ሳይ አልጋህ ተነጥፏል። አንሶላውን ግን በግልባጩ ነው ያነጠፈው፣ ስፌቱ ሁሉ ወደ ላይ ሆኖ። ታውቀኛለህ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። እጄን ዘርግቼ ጨርቁን ያዝኩት፤ ከዚያ ለቀቅኩት። እንዳነጠፈው ይቆይህ።

መንገዱን ያቅናልህ። የወጣህበት ቤት በደህና ይቆይህ፤ የምትገባበትም ቤት በደህና ይቀበልህ። ባለቤትህን ግንባሯን ሳምልኝ።

የምትቆጣህ፣ የምትሳሳልህ
እናትህ