መኪናህ ታማለች

ሰቆጣ፣ የኅዳር ሚካኤል በዋለ በሳምንቱ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ በመቀመጥ ብዛት የሚያምህ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ እግዜር ይመስገን አለን። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል፣ ብርዱም እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ሰላምታዬ ይኼው ነው፤ አነሰ አትበል። አንተም ስትደውል «ደህና ናችሁ?» ትልና መልሱን ሳትሰማ «መኪናዋስ?» ነው የምትል። እንግዲህ እኔም በአንተ ወረፋ ልሂድ። መጀመሪያ የመኪናህን ጤና እጽፋለሁ፣ የእናታችንን ደግሞ ወረቀት ከተረፈኝ።

«በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድን ነው?» ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ። በስልክ ስነግርህ «ቆይ፣ ሌላ ስልክ ገባብኝ» እያልህ ስንቴ ቆርጠህብኛል። ወረቀት ላይ ሌላ ስልክ አይገባም። ባትወድም እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ፣ ስለ መኪናህ ነዋ።

ከጣሳው ልጀምር። ጣሳ ስለው ይከፋሃል፤ ከዱባይ የመጣ ባለ ስም ዕቃ ነው። ምን ላድርግ፣ እኛ ቤት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ጣሳ ነው። ነገሩን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆዱ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ የዘይት ጉም ይዞ ይወጣል፤ ጉሙ በቱቦ ዞሮ ቱርቦው ውስጥ ሲገባ ያቆሽሸዋል። ስለዚህ ቱቦው መሃል ላይ ጣሳ ይገባና ዘይቱ እዚያ ይቀራል፣ አየሩ ብቻ ያልፋል። እኔ የሱቅ ሴት ይኼን ከየት ተማርሁ? ከአንተ ነዋ። ዓመት ሙሉ ሌላ ምን አጫውተኸን ታውቃለህ? ለእናታችን «እንኳን አደረሰሽ» ስትል እንኳ በመሃሉ «ደግሰው ዘይቱን አየው?» አልህበት። ያ ምስኪን ሹፌርህ ደግሰው ከዚህ እስከ ጽጽቃ እህልና ሰው ሲያመላልስ ውሎ፣ ማታ ደግሞ ለአንተ ስለ ዘይት ተናዝዞ ነው የሚተኛ።

የላክኸው ካርቶን በአውቶቡስ ሲደርስ ጣሳው በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ ስፖንጁ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ በፕላስተር ታስሮ ነበር። የአራስ ልጅም እንዲህ አይጠቀለል። እኔ ጣሳውን ሳወጣ እናታችን እጇን ሰድዳ ካርቶኑን እስከ ሥሩ ዳበሰች። ምን ፈልጋ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የሚገጠምበትን ቀን አንተው ነህ የቆረጥህ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቪዲዮ እደውላለሁ አልህ። እናታችን የሰማችው «በቪዲዮ እደውላለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ገላዋን ታጥባ፣ ለበዓል የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳ ላይ ቁጭ አለች። መካኒኩ ምንዋጋው መፍቻውን ይዞ መጣ፤ ደግሰው ኮፋኖውን ከፍቶ ስልኩን ያዘ። ስልኩ ጠራ፤ ፊትህ ብልጭ አለ፤ እሷ «ልጄ» ብላ ሳትጨርስ «ካሜራውን ወደ ሞተሩ አዙረው» አልህ። ዞረ። ከዚያ ወዲያ ያየኸው ሞተር ነው፤ እሷ ያየችው የስልኩን ጀርባ ነው።

ቢቸግራት ተነስታ ዞራ ከሞተሩ ማዶ ቆመች፣ ካሜራው ውስጥ ልግባ ብላ። የተናገርኸውን ታስታውሳለህ? «ማነው ብርሃኑን የከለለው?» ነው ያልህ። እናትህ ነበረች። ፈቀቅ አለችልህ።

ምንዋጋውን ደግሞ ስታተራምሰው ዋልህ። ጣሳው ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ አዎ ይራቅ። ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ በዚህ ይግባ፣ ወደ ቱርቦው የሚሄደው በዚያ ይውጣ፣ አዎ ይውጣ። የቱቦው ማሰሪያ ይጥበቅ፣ አይ ይላላ፣ አይ ይጥበቅ። ምንዋጋው ሁሉንም «እሺ ጌታው» እያለ ጣሳውን የሚሸከም ብረት ከአሮጌ አልጋ እግር ቆርጦ አሰረልህ። የአልጋ እግር መሆኑን አልነገርንህም፤ ደምህ እንዳይፈላ ብለን ነው።

ሥራው ሲያልቅ እናታችን ከዳር ሆና «ይኼ ጣሳ የሞላ እንደሆንስ?» ብላ ጠየቀችህ። ጉድ እኮ ነው፣ ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ተገኘ። ስለ ዓይኗ ስትነግርህ ሁለት ቃል የማይተርፍህ ሰው፣ ስለ ጣሳው መምህር ሆነህ አስረዳሃት። ከሞላ ሞተሩ ይስበዋል፤ ሞተር አየር ይጨምቃል እንጂ ፈሳሽ መጨመቅ አይችልም፤ ፒስቶኑን የሚገፋው ቤላ የሚባለው ክንድ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ አለቀላት ማለት ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ተከፍቶ ይደፋ። «አለቀላት ያልህ ጊዜ ማን ያድናታል?» አለችህ። «እዚያ ያለ ሰው እጁን እንዳያሳርፍባት፣ እኔው ራሴ በማግስቱ እመጣለሁ» አልህ። «እሺ ልጄ» ብላ ተቀመጠች።

ልትዘጋ ስትል ለደግሰው በኽምጣኛ አንድ ነገር አለችው። «ምን አለች?» አልህ። ወይ አንተ፣ አፍህን የፈታህበት ቋንቋ እኮ ነው! ደግሰው ጨዋ ነውና «መኪናዋን ትባርክ ነው የምትል» ብሎ ሸፈነልህ። ያለችው ግን «ምነው ብረት በሆንሁ» ነው።

አሁን ስለ ዓይኗ ልንገርህ፣ ባትጠይቅም። የግራው ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠፍቷል። ቀኙም እየደፈረሰ ነው፤ በር ላይ የቆመን ሰው በድምፁ ካልሆነ አትለይም። ሐኪሙ «እንግዲህ ያለውን ትጠቀምበት» ነው ያለኝ። ይኼን በነገርሁህ ጊዜ መነጽር ላክህ። ማንበቢያ መነጽር! ሴትዮዋ ፊደል እንዳልቆጠረች ረስተኸው ይሆናል። «ከአባታችሁ ተዝካር ወዲህ ፊቱን አላየሁም፣ የቀረችኝን ብርሃን ለእሱ ነው ያስቀመጥኋት» ትላለች። ለአንተ! እኔ አጠገቧ ውዬ የማድረው ለቁጥር እንኳ አልገባሁም። አልቀየምም፣ እናት የምትናፍቀው የራቀውን ነው።

አንተ ግን ፋሲካ ሲባል ለጥምቀት፣ ጥምቀት ሲባል በጀት ሲዘጋ፣ በጀት ሲዘጋ መንገዱ ክፉ ነው ትላለህ። መንገዱማ ክፉ ነው፣ መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል። ግን በዚያው መንገድ ጣሳው በሰላም ገባ፣ አንድ ጭረት አልነካውም።

በኅዳር ሚካኤል የሆነውን ደግሰው በስልክ ነግሮሃል፤ አንተ ስትጮህ ስለነበር ግን የሰማኸው አይመስለኝም። እንደገና ስማው። በበዓሉ ባለ መኪና ሁሉ መኪናውን ጠበል ያስረጫል፤ ይኼን እንኳ አልረሳህም መቼስ። እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ጻድቅ ጠበል በኃይላንድ ሞልተው፣ አፉን በፌስታል ቋጥረው ሰጥተዋት ነበር። ደግሰው ወደ ጽጽቃ ሊወጣ እህል ይጭናል። «ኮፋኖውን ክፈትልኝ፣ ልርጫት» አለችው፤ ከፍቶላት ከኋላ ጆንያውን ሊያስር ሄደ። ሲመለስ የጣሳው ክዳን ጥብቅ እንዳለ ነው፣ እሷም እጇን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ከግቢ ሳትወጣ እዚሁ አስነሳት፤ ሰውም ገና አይሳፈር» አለችው። የእናት ነገር ነው ብሎ እሺ አላት። አስነሳ፤ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርግ መኪናህ አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ውስጧ ብረት በብረት የተመታ ድምፅ አሰማችና ቀጥ አለች። ምንዋጋው ተጠርቶ መጣና ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ቢፈታው ውሃ በውሃ ሆነ። ሞተሩን በእጁ ሊያዞረው ሞከረ፣ አልዞር አለው። «ቤላው ሳይጣመም አልቀረም» አለ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«ጠበል ነው» አለች። «ባዶ ዕቃ አይቼ ሞላሁት። ለልጄ ንብረት በረከት ይሁን ብዬ ነው።» ጎረቤቱ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ «አይ የድሮ ሰው» እያለ ሳቀ። አባ ገብረ ጻድቅ ሰምተው መጡና ጠበል ይረጫል እንጂ ሞተር ውስጥ አይገለበጥም ብለው ተቆጧት። አንገቷን ደፍታ «ይፍቱኝ አባቴ» አለች። መስቀሉን አሳለሟትና ሄዱ።

አንተ ግን ምን አልህ? «አንዲት ምንም የማታውቅ አሮጊት እንዴት ኮፋኖ ታስከፍታላችሁ!» አልህ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር፣ እሷም አጠገቡ ነበረች። ደግሰው አፍሮ መሬት መሬት አየ። እኔ ስልኩን ልነጥቀው ስል ያዘችኝ። «ተይው፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ጉንፋኑ ለቆታል» አለች። «ሲመጣ ደግሞ በደንብ ይሰድበኛል።»

ሲመጣ ነው ያለችው፣ ልብ በል። በዚያው ሰዓት ገብታ የአንተን አልጋ አራገፈች። ብርድ ልብስህን አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋች፣ ሁለቱን ትራሶች አስመታችኝ፣ ለአንተ ብላ ያቆየችውን የማር ቅል አወረደች። መንገዱን ለማየት የማትችል ሴት በሩ ላይ መቀመጫ አስወጣች። ምንዋጋው ባለፈ ቁጥር «እንዴት ነው፣ ክፉኛ ነው ወይ?» ትለዋለች። «ክፉኛ ነው እማማ» ሲላት እህ ብላ ትተነፍሳለች፣ ፊቷ ግን አያዝንም።

አንተ በማግስቱ አልመጣህም። በሦስተኛው ቀን ደወልህና «ከወልድያ መካኒክ እልካለሁ፣ እኔ አሁን አይመቸኝም» አልህ። እሷ ወጥታ ብርድ ልብሱን ከገመዱ ላይ አወረደች፣ ጫፍና ጫፉን በእጇ እየፈለገች አጠፈችው፣ ሳጥን ውስጥ መልሳ ቆለፈችበት። እኔም ያን ቀን ነው ወረቀት የገዛሁት።

እንግዲህ ስማኝ። መካኒክህን አትላክ። የግቢው ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ከወልድያ አይደለም ከዱባይ ቢመጣ አላስገባም። ምንዋጋውንም እጁን እንዳያሳርፍባት ነግሬዋለሁ፣ የአንተ ትእዛዝ ነዋ። መኪናህ ኮፋኖዋን ከፍታ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎቹ ወንበሯ ላይ መውጣት ጀምረዋል። አንጀትህ እንዲላወስ ብዬ ነው የጻፍሁልህ፤ ስለ ዓይኗ ስጽፍ አልተላወሰም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ቤት ሳጸዳ የመስኮቱን ደፍ ወለወልሁ። አባ ገብረ ጻድቅ የሰጧት ጠበል እዚያው አለ። አፉ ድረስ ሙሉ ነው፤ በእጃቸው የቋጠሩት ፌስታልም አልተፈታም። እኔ አቧራውን ጠርጌ በቦታው መለስሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም። አንተ ስለ ሞተር ብዙ ስለምታውቅ፣ ጣሳውን የሞላው ምን ውሃ እንደሆነ መንገድ ላይ እያሰብኸው ና። ስትደርስ ግን እንዳትጠይቃት። ፊትህን ወደ ብርሃኑ አዙረህ ዝም ብለህ ቁምላት፣ በደንብ ትይህ።

ሚካኤል በክንፉ ጋርዶ፣ አቀበቱን አቅልሎ፣ ቁልቁለቱን ደልድሎ ያግባህ። ልጆችህን ሳምልኝ፤ ካመጣሃቸውም እኔው ራሴ እስማቸዋለሁ።

እናታችን ደህና ናት። ክፉኛ የታመመችው መኪናህ ናት። ሳይመሽ ድረስላት።

ታናሽ እህትህ