ሳትከፈት የቀረችው ብልቃጥ፦ የወይዘሮ ፍሬሰላም ገብረሃና የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ የቆማችሁም ቦታ ፈልጋችሁ ዐረፍ በሉ፤ የእኅታችንን ነገር ቀስ ብለን እንስማ።

ወይዘሮ ፍሬሰላም ከአባታቸው ከአቶ ገብረሃና ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ በ1961 ዓ.ም. ቂርቆስ ሰፈር ተወለዱ። እዚያው ተምረው በ1982 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ቡልቻ ጋር ተጋብተው ካዛንቺስ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ናኦድንና ሀዊንም ወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ተጨናቂ ነበሩ፤ በሩን ቆልፈው ታክሲ ጋ ከደረሱ በኋላ እንኳ ተመልሰው ያዩታል።

ከ1995 ጀምሮ በአንድ የምርምር ቤተ ሙከራ በአይጥ ሕዋሳት ላይ ሠሩ። እሳቸው እንዳስረዱን፣ በሽታ ተከላካዮቹ ሕዋሳት ገላቸው ላይ መልእክት የሚይዙ ተቀባዮች አሏቸው። የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ሲጨመር ተቀባዩን ፈልጎ ይይዘዋል፤ ሕዋሱም በሚመረመርበት ማሽን ውስጥ ያበራል። ታዲያ አስቀድሞ አንድ መከላከያ ፈሳሽ ካልገባ አንቲቦዲው ያገኘው ላይ ሁሉ ይጣበቃል፤ ማብራት የሌለበትም ያበራል።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት የሆነውን እንድናነብ ያዘዙን ራሳቸው ናቸው። ለሊሳ የሚባል ወጣት ተመራማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ሊያቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውጤቱ አማረለት፤ ወይዘሮ ፍሬሰላም ያዘጋጁለት ሕዋሳት አበሩ፣ ሰው ሁሉ ተደሰተ። በሳምንቱ ወይዘሮ ፍሬሰላም ማቀዝቀዣውን ሲያጸዱ አዲሷን የመከላከያ ፈሳሽ ብልቃጥ እንደታሸገች አገኟት። የፊተኛዋ ካለቀች ሰንብታለች። ለካ የለሊሳን ሕዋሳት ባዘጋጁበት ቀን ፈሳሹን ሳይጨምሩ ቀርተዋል!

ማንም አላየም። የሥራ ውላቸው የሚታደሰውም በዚያው ወር ነበር። አራት ቀን ነገሩን በሆዳቸው ይዘው ሰነበቱ። ከታክሲ ኦሎምፒያ መውረድ ሲገባቸው ረስተው መስቀል ፍላወር ይደርሱ ነበር። አቶ ቡልቻ ምን ነካሽ ቢሏቸው ምንም ይላሉ።

በአምስተኛው ቀን ለለሊሳ ነገሩት። «እትዬ፣ እየቀለዱብኝ ነው? እናቴ ለምረቃዬ ልብስ አሰፍታለች እኮ!» አላቸው። ሥራው ፈሳሹ ተጨምሮ ሲደገም ካበሩት ሕዋሳት ብዙዎቹ ሳያበሩ ቀሩ። ምረቃው ለዓመት ተላለፈ። የእሳቸው ውል ታደሰ፤ እሱ ግን ሰላም ሳይላቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።

ከ2016 ጀምሮ የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ያ ልጅ ተመረቀ ይሆን?» ይሉ ነበር። አፈላልገን አላገኘነውም። በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. መልሱን ሳይሰሙ ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል። ለሊሳ ከመካከላችን ካለ፣ ሲሠጉለት መኖራቸውን ይወቅልን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከጭንቀት አሳርፎ ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። እናንተም ልጆቼ፣ ማንም ያላየባችሁን ስሕተት ይዛችሁ ልናገር ወይስ ልተው ብላችሁ በተጨነቃችሁ ጊዜ፣ እባካችሁ ወይዘሮ ፍሬሰላምን አስታውሷቸው።